ወደ ሳጉሬ፣ ለጫልቱ ፈተና

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዳማ መናኸሪያ ተነሣን። ጭኔ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይዣለሁ፤ ቁጥሩን በትንሽ መስኮት የሚያሳየውን ዓይነት። የምንሄደው ሳጉሬ ለልምምድ የተመደበችውን የነርሲንግ ተማሪያችንን ጫልቱን ልንፈትን ነው። ጫልቱ ጆሮዋ ይደክማል፤ የምትግባባው የሰው ከንፈር እያየች ነው። በማዳመጫ መለካት አቅቷት አንድ ጊዜ ወድቃለች። ዛሬም ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

«ማሽኑስ ይሁን» አሉኝ ዋና ፈታኟ ሲስተር ፀሐይ፣ ኢተያን ስናልፍ። «የበሽተኛን ታሪክ በምን ትሰማለች?»

ፊቴን ወደ ስንዴው ማሳ አዞርኩ።

አሰላ

የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል፤ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። የሳጉሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ሲስተር ከቦርሳቸው በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ አወጡ።

«ብይ እንጂ! ተፈታኟ እኮ አንቺ ትመስያለሽ።»

በላሁ። እውነትም ሞቅ አለኝ።

ሳጉሬ

የገበያ ቀን ስለነበር ጤና ጣቢያው ሞልቷል። ለፈተናው ፈቃደኛ የሆኑት አዴ ዘይነባ የሚባሉ እናት ናቸው። መስኮቱን ከጀርባቸው አድርገው፣ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ጫልቱ ግፊታቸውን ለካች፤ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ መጠየቅ ጀመረች። ሴትዮዋ መለሱ፤ ጫልቱ ግን እንደገና ጠየቀች፣ እንደገናም። የሲስተር እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ወረደ።

ፈታኝ በፈተና መሃል አይናገርም። እኔ ደግሞ ከፈተናም ውጭ ብዙ አልናገርም። ቢሆንም፣ «ሲስተር፣ ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ ላዙረው? መልስ መንገር አይደለም» አልኩ።

ሲስተር አተኩረው አዩኝ። «አዙሪ። ከዚያ በኋላ ግን አፍሽን ያዢ።»

አዞርኩ። ጫልቱ ጎንበስ ብላ፣ «አዴ፣ ከንፈርዎን ካላየሁ አይሰማኝም» አለቻቸው።

«ጥርሴን ቆጥረሽ ልትድሪኝ ነው?» አሉና ሻርፑን አወረዱ። የፊት ጥርስ የላቸውም። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ከሁሉ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

«መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

ሲስተር ጻፉ። ጫልቱ ግን ዓይኗን ከፊታቸው አላነሣችም። «አዴ፣ አፍዎ አዎ አለ፤ ፊትዎ ግን አልተስማማም።»

ሴትዮዋ የሻርፓቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። «እህቴም ግፊት አለባት። ብቻዬን ልውጠው? አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ።»

ጫልቱ እጃቸውን ይዛ ለምን ሁለቱንም እንደማይጠቅም አስረዳች፤ እህትየውን ይዘው እንዲመጡም ቀጠሮ ሰጠቻቸው።

ሲስተር ወረቀቱን ፈርመው አቀበሉኝ። አልፋለች። «እወስዳለሁ ማለታቸውንማ እኛም ሰምተን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ጫልቱ ውጤቷን ስታይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

መመለሻ

አዳማ የገባነው ሲመሽ ነው። ሲስተር ስላልተቆጡኝ፣ አዴ ዘይነባ ሻርፓቸውን ስላወረዱልን፣ ጫልቱ በአንዴ ውድቀት ትታን ስላልሄደች መንገዱን ሁሉ ሳመሰግን መጣሁ። አንድ ነገር ተምሬ ተመልሻለሁ፦ ተማሪ ሲወድቅ፣ ከመፍረዴ በፊት ምን እንደጋረደው መጠየቅ አለብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ፣ ትምህርት ሳልጀምር፣ «እኔ ሳስተምር የሚቸግራችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ» አልኩ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። በቀይ የሚጻፈውን ማንበብ ይከብደኛል።»

እኔ ሰሌዳው ላይ ዋና ዋናውን የምጽፈው በቀይ ነበር። ጥቁሩን ማርከር አንሥቼ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና ጀመርኩ።