ሁለተኛው ፊርማ

በላቦራቶሪያችን «አጉሊ» የምንላት ሴት አለች። ዓሥራ አንድ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኛ አክታ የተቀባበት ሦስት የመስታወት ስላይድ በምንጨርስበት ጊዜ እሷ ገና የመጀመሪያውን ነው የምታየው።

አሠራራችን እንዲህ ነው፦ አንዱ አንብቦ ውጤቱን ይጽፋል፤ ሁለተኛው ያንን ሳያይ ራሱ አንብቦ ይፈርማል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ ሦስተኛው አንቀጽ ይህንኑ ያዛል። በየዓመቱ «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብለን እንፈርምበታለን፤ ያነበበው ሰው ካለ ግን እኔ አላውቅም። እኛማ የመጀመሪያውን ውጤት እያየን ሃያውን በአንድ ትንፋሽ እንፈርማለን።

አጉሊ ግን እያንዳንዱን ስላይድ ራሷ ታነባለች። ሰው በነጻ እንዲህ አይለፋም፣ ጆሮ ጠቢ ብትሆን ነው አልን። አለቃ ቢሮ በገባች ቁጥር እንቆጥርላት ጀመር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እኛ አንብበን የጨረስነውን የስላይድ ትሪ ስትነካካ አገኘኋት፤ ጥርጣሬዬ ልክ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ እሷ ስትመጣ ወሬ እናቋርጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሳል ጠናባትና እኛ ዘንድ አክታ ሰጠች። ናሙና በቁጥር ብቻ ስለሚገባ የቱ የእሷ እንደሆነ አላውቅም። ውጤቷ «ነጻ» ተብሎ ሲወጣ፣ ብርድ ነው ብዬ አረጋጋኋት።

በሦስተኛው ቀን አጉሊ አንድ ስላይድ ይዛ መጣች።

«ይቺን ደግመህ እያት» አለችኝ። «ሁለተኛው ፊርማ ያንተ ነው።»

ወጥመድ መሰለኝና ደሜ ፈላ። ማን ተቆጣጣሪ አደረገሽ ብዬ ጮህኩባት። ስላይዱን አስቀምጣ ቆመች። ላሳፍራት ብዬ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ቀያዮቹ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስያን ሰማያዊው መደብ ላይ ተበትነዋል፤ ጀማሪ ተማሪ እንኳ አይስታቸውም። የስም መዝገቡን ገልጬ ቁጥሩን አመሳከርኩ። የእናቴ ስም ነው።

ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የሚያድሩት የእህቴ ልጆች ትዝ አሉኝ።

«የእናቴ መሆኑን አውቀሽ ነው?» አልኳት። ያኔም እጠረጥራት ነበር።

«እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

አለቃ ይጠራኛል ብዬ ስንት ወር ጠበቅኩ። አጉሊ አልተናገረችብኝም፤ ምን አስባ ይሆን እያልኩ ዛሬም ዓይኔን ከእሷ አልነቅልም። እናቴ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች። በሽታዋን ማን እንዳገኘላት ስትጠይቀኝ «እኔው ነኝ፣ እማ» እላታለሁ። ግንባሬን ስማ ትመርቀኛለች።