የታጠነ አይጥ

በደርግ ዘመን ጥቂት ዓመታት ቦንጋ ተመድቤ የዜና ሥራ ሠርቻለሁ። ሥራው አድካሚ እንጂ ከባድ አልነበረም። የቡና ለቀማ ዘመቻ ሲጀመር እጽፋለሁ፤ ሲጠናቀቅም እጽፋለሁ፤ በመካከሉ ስብሰባ ላይ እቀመጣለሁ። የጻፍኩትን ወደ ጅማ ለማስተላለፍ ቴሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን እጠብቃለሁ። መስመሩ ሲገኝ እየጮኽኩ ስለማነብ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዜናውን ጅማ ካለው አለቃዬ ቀድሞ ይሰማዋል።

የምኖረው ከሸዋ መጥተው ቦንጋ በከረሙ አንዲት እህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ የእህል መጋዘናቸው ከክፍሌ ፊት ለፊት ነው። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንድ የባዮሎጂ መምህር ይኖራል። መምህሩ ዘንዶ ያሳድጋል። የጭነት መኪና ሾፌር ከጎጀብ ቆላ ገና ትንሽ ሳለ በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ የሰጠው ነው። እኔ ስደርስ ርዝመቱ ከቁመቴ ጥቂት ቢያንስ ነው። ቤቱ አሮጌ የሱቅ መስታወት ሣጥን ሲሆን ክዳኑ የወንፊት ሽቦ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ መምህሩ ለሰፋሪዎች ፊደል እንዲያስተምር ለሁለት ወር ተመደበ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ሻንጣውን ዘግቶ ወደ እኔ መጣ።

«ዘንዶውን ላንተ ትቼ ልሄድ ነው። አንተ ምንም ነገር አያስደነግጥህም» አለኝ።

«ደክሞኝ ነው» አልኩት።

ዘንዶው የሚበላው በሕይወት ያለ አይጥ ነበር። አይጦቹን የሚያመጡልን የገበሬዎች ማኅበሩን የቡና መጋዘን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በወጥመድ ይይዙና ክዳኑ በተበሳሳ ቆርቆሮ ያመጡልናል። መምህሩ ከመሄዱ በፊት አንዷ አይጥ ዘንዶውን ከዓይኑ በላይ ነክሳው ነበርና ጠባሳው ይታያል። እኔ በተረከብኩ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ቆርቆሮውን ስከፍት አይጧ በክንዴ ላይ ሮጣ ወረደች፤ ግቢውን አቋርጣ የእህሉ መጋዘን ውስጥ ገባች። አከራዬ በረንዳ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

«ስማ አንተ ጋዜጠኛ! ዘንዶ በግቢዬ መኖሩን ችያለሁ። ጎረቤቱ ‹እባብ ትቀልባለች› ሲለኝም ችያለሁ። አይጥ ተሸክማችሁ እህሌ ላይ መልቀቅ ግን ምን የሚሉት ነው?»

«አንዲት አይጥ እኮ ናት፣ እትዬ።»

«አንዲት አይጥ የምትባል የለችም። እስቲ ሁለት ወር ቆይተህ ቁጠራት!»

ፍርዳቸውን እዚያው ሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕይወት ያለ አይጥ በበራቸው አይገባም። ዘንዶው የሞተ መብላት ከለመደ ይኑር፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልለመደ ግን ይገደላል። ወዲያው ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አምጥተው የመምህሩ በር ላይ አስደገፉት። «ለጌጥ አይደለም» አሉኝ።

በአውቶቡስ ረዳት በኩል ለመምህሩ ወረቀት ላክሁ። መልሱ ከደብተር በተቀደደ ገጽ መጣ፦ የሞተው እንዲያውም ይሻላል፤ አይነክሰውም። ጅራቷን በመቆንጠጫ ይዘህ አንቀሳቅስለት። ታገሥ። እባክህ እንዳይገድሉት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሽማግሌውን ጠባቂ ሄጄ አነጋገርኳቸው። በቦንጋ አቅራቢያ ያለው የማንኪራ ጫካ ሰው ናቸው። ከጥበቃ በሚያርፉበት ቀን ጫካ ገብተው ዛፍ ላይ የሰቀሏቸውን ቀፎዎች ያያሉ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይጧን ገድለው ያምጡልኝ።»

«የሞተ ይበላል እሱ?»

«ማስለመድ አለብን። ካልለመደ ይገድሉታል።»

ጥቂት አሰቡ። «እሺ፤ ለኔ ተወው። እምቢ ያለ እንግዳ ማስገባት እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደብተሬን ከፍቼ ቀኑን ጻፍኩ።

የመጀመሪያዋ አይጥ በኮባ ቅጠል ተጠቅልላ፣ በቃጫ ታስራ መጣች። መቆንጠጫ ስላልነበረኝ ጅራቷን በእጄ ይዤ አንቀሳቀስኩለት፤ ዘንዶው ቀረብ አለ፤ ምላሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አወጣ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን አዙሮ ወደ ጥግ ሄደ። በሳምንቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። እኔ ሥራዬን በሥርዓት እሠራ ነበር። ርዝመቱን በሜትር እለካለሁ። ጆንያ ውስጥ ከትቼ በአከራዬ የእህል ሚዛን እመዝነዋለሁ። የክፍሉን ሙቀት፣ የምግቡን ሰዓት፣ ምላሱን ስንት ጊዜ እንዳወጣ ሁሉ እመዘግባለሁ። ክብደቱ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ቆዳው ጎኑ ላይ መታጠፍ ጀመረ።

አከራዬ ሚዛኑን ራሳቸው ያነቡልኝ ነበር። «ከስቷል ልበል?» አሉኝ አንድ ቀን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሽማግሌው በዚያው ሰዓት ደረሱ። «ጓድ ዘንዶ ዛሬም አልበሉም?»

«ኧረ አፍዎን ይያዙ!» አሉ አከራዬ ወደ አጥሩ እያዩ። «በእባብ ሰበብ ሊያስሩን ነው?»

በዚያው ሰሞን ለቡናው ዜና ወደ ሺሺንዳ፣ ከዚያም ወደ ደካ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወርደን መኪናውን ገፋን፤ ሁለቱም ቦታ የተነገረኝ አንድ ዓይነት ንግግር ነው። ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። በመስኮቱ በኩል አጣናው ይታየኛል። ለሚካኤል ሁለት ቀን ቀርቶታል። ለመምህሩ ምን ብዬ እንደምጽፍለት አሰብኩ፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንኳ አጣሁት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ አይጧ እስክትመጣ መጠበቅ አቅቶኝ፣ ራሴ ወደ ቡናው መጋዘን ሄድኩ። ሽማግሌው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በገል ላይ ፍም አለ፤ ፍሙ ላይ እርጥብ ቅጠል ይጨሳል። ከጭሱ በላይ አንዲት የሞተች አይጥ በጅራቷ ተንጠልጥላለች። ፀጉሯ የተበጠረ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያጠንኳት ነዋ! አጥቤ ጨረስኩ፤ አሁን ማጠን ነው።»

«በምን አጠቧት?»

«በሳሙና። ቀበሌ ያደለኝ አለ አይደል?»

ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ አስረዱኝ። አዲስ ቀፎ ሲሰቀል አይጥ አይጥ የሚሸት ከሆነ ንብ ዞሮ አያየውም። ስለዚህ ቀፎው ይጸዳል፤ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ይታጠናል፤ ያኔ ንቡ ራሱ ፈልጎ ይገባል። ዘንዶውም እምቢ ያለው ሽታው ቢያስጠላው ነው ብለው፣ በየሳምንቱ ሳሙናውን እየጨመሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘንዶ የሚያሸተው በምላሱ ነው። የሚፈልገውም ያንኑ የአይጥ ሽታ ነው» አልኩ።

ቅጠሉን ከፍሙ ላይ አነሱ። የተንጠለጠለችውን አይጥ ትክ ብለው አዩ።

«ሳሙናዬን!» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ «ያን ሁሉ ስትጽፍ ይህን አልጠየቅከኝም» አሉኝ።

አልጠየቅኳቸውም። የማንኛውንም ዜና ምንጭ ሁለት ጊዜ የማጣራ ሰው፣ አይጧ ከወጥመዱ ወጥታ ኮባ ውስጥ እስክትገባ ምን እንደምትሆን አንድም ቀን አላጣራሁም። እንስሳው ለወር ያህል የተራበው በእኔ ደብተር ፊት ነው።

ሽማግሌው ግን ተነሥተው ነበር። «ቀፎው ታጥኖም ንብ እምቢ ካለ የድሮ ቀፎ ሰም እንቀባለን። የቤቱን ሽታ ሲያገኝ ይገባል» አሉ። ወደ መጋዘኑ ጥግ ሄደው ከጆንያ ክምር ሥር እጃቸውን ሰደዱ፤ አይጦች የጎለጎሉትን የጆንያ ክርና የቡና ገለባ፣ ጎጇቸውን እንዳለ አወጡ። የታጠነችውን ጣሏት። ጠዋት የተያዘች ሌላ አይጥ ነበረች፤ ገደሏትና ከጎጆው ጋር በኮባ ጠቅልለው ያሹዋት ጀመር።

ግቢ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። አከራዬን የከሰል መቆንጠጫ ጠየቅኳቸው።

«በከሰል መቆንጠጫዬ አይጥ ሊያዝ?» አሉ። ግን አመጡት።

አይጧን ሙቅ ውሃ በሞላሁት ጠርሙስ ላይ አሙቄ፣ ጅራቷን በመቆንጠጫው ይዤ ወደ ሣጥኑ አወረድኳት። ዘንዶው ምላሱን አወጣ። ደገመ። አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ ቀጥ አለ፤ እኔም የአይጧን ጅራት ቀስ ብዬ ነቀነቅኩ። ሲመታት መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ። በሕይወት ያለች ይመስል ሦስት ዙር ተጠመጠመባት።

«ገባ!» አሉ ሽማግሌው።

አከራዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው በሩ ላይ ቆመዋል። «በላ?»

«እየበላ ነው፣ እትዬ።»

«ሙት መሆኗን አውቆ?»

«ያንን ማን ያውቃል» አሉ ሽማግሌው፣ አሁንም ቅር እንዳላቸው። «አለመታጠቧን ግን አውቋል።»

ዘንዶው አይጧን ጨርሶ ሲውጥ ካየን በኋላ ወደ ክፍሌ ገብቼ የራሴን የቀበሌ ሳሙና ለሁለት ቆረጥኩና ግማሹን ሰጠኋቸው። ሳያንገራግሩ ተቀበሉኝ። ደብተሬ ላይ ቀኑንና «በላ» የሚለውን ብቻ ጻፍኩ፤ ሌላ ለመጻፍ አቅም አልነበረኝም።

ስወጣ አከራዬ አጣናውን ከመምህሩ በር አንሥተው ይዘውታል። ቆሜ አየኋቸው። ግቢውን አቋርጠው ሄዱና እርጥብ አንሶላ ተሰጥቶበት የረገበውን የልብስ ገመድ ከሥሩ ደገፉበት።