ባለ ጓንቷ እጅ

ሰርጌ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ በሙሽራ ፎቶ ተጨናንቆ አዲስ ነገር አልቀበልም ብሎ ነበር። ሁዳዴ እየተጋመሰ ነው፤ ሰርጉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ነገር አይስማማኝም። ጭስ የሚለቅ ማሽን፣ ቀለሙን የሚለዋውጥ መድረክ፣ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጣ የምትገባ ሙሽራ ሳይ ደሜ ይፈላል። የምፈልገው ቀጥ ያለ ቬሎ፣ ነጭ አበባና ረጋ ያለ ሰርግ ነበር። ዲኮር የምትሠራልኝ ልጅ ያሳየችኝን ሁሉ ስመልስባት ጊዜ ትዕግስቷ አለቀና፣ "በቃ አንቺ የምትፈልጊው ክላሲክ ነው። የሁለታችሁን ቤተሰብ የድሮ ፎቶ ሰብስበሽ አምጪልኝ" አለችኝ። ምንም ክፉ አላለችም። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ድምፅዋን መስማት እንኳ አልቻልኩም።

እውነቱን ለመናገር የድሮ ሰርግ ፍቅር ያሳደረብኝ ስልኬ አልነበረም። ጳውሎስ አካባቢ ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የቅድመ አያቴ ፎቶ ተሰቅሏል። ካባ ደርበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ፎቶው በግራ በኩል በመቀስ ተቆርጧል። ቆራጩ ግን አንድ ነገር መጨረስ አልቻለም፤ ነጭ የዳንቴል ጓንት ያጠለቀች የሴት እጅ ትከሻቸው ላይ ቀርታለች። በልጅነቴ "ይቺ እጅ የማን ናት?" እያልኩ አያቴን፣ የአባቴን አባት፣ ስጨቀጭቃቸው "የማንም አይደለች" ይሉኝ ነበር። አባቴን ስጠይቀው "አያትሽን ጠይቂ" ይለኛል። አያቴ ሳይነግሩን አረፉ። እኔ ያቺን እጅ እያየሁ አድጌ፣ ስዳር እንደዚያ ያለ ጓንት አጠልቃለሁ ብዬ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ።

የእኔም የእጮኛዬም ቤተሰብ ከእንጦጦ ማዶ የመጣ ስለሆነ፣ ሽማግሌ ሲላክ እንደ ደንቡ ዘር ተቆጥሮ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ አያት ከተጋራን እህትና ወንድም ነን፤ ጋብቻ የለም። በእኛ በኩል አባቴ ቆጠረ። በእነሱ በኩል አጎቱ ቆጥሮ ቆጥሮ የእጮኛዬ የእናቱ እናት ጋ ሲደርስ፣ "እሳቸው እንኳን ወገን የላቸውም፤ ያለ ዘመድ ነው የኖሩት" ብሎ አለፈው። ንጹሕ ሆነና ተመረቅን። እኔ ጓዳ ሆኜ እየሳቅኩ ነበር። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያገባ አለ ወይ እያልኩ።

እኚህ ወገን የሌላቸው አያቱ ከእናቱ ጋር የሚኖሩት እንጦጦ ስር፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት አቀበት ላይ ነው። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከግቢ አይወጡም፤ እኛ ቤት መጥተው አያውቁም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ይወዱኛል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ፎቶ ፍለጋ የሄድኩት ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ቤት ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም።

"እማማ፣ የሰርግዎ ፎቶ የለዎትም?" አልኳቸው።

"የኔ ሰርግ ምን ያደርግልሻል? እሱም ሰርግ ሆኖ!"

"የድሮ ነው የምፈልገው እማማ፤ አንድም ቢሆን።"

"ግትር ነሽ አንቺ" አሉና ትራስጌያቸው ያለውን ዳዊት አነሡ። ከገጾቹ መሃል አንዲት ፎቶ አውጥተው ሰጡኝ።

መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። የዳንቴል ጓንት ያጠለቀች እጅ፣ ካባ የደረበ ትከሻ ላይ። ቀጥሎ ከዘራውን አየሁ፤ ጉልበት ላይ ተጋድሟል። ክው አልኩ። ከእጇ ወደ ፊቷ ቀና ማለት ፈራሁ። ቀና ስል ቀጥ ያለ ቬሎ የለበሰች ልጅ ቆማለች፤ አገጯ የእኔ አገጭ ነው። ከእሷ ወዲያ ፎቶው በመቀስ ተቆርጧል።

"እማማ፣ እኚህ የተቀመጡት ማን ናቸው?" አልኩ።

"አባቴ ናቸው።"

"ዘመድ የለኝም ይሉ አልነበር?"

"የለኝማ። እሳቸው የዳሩኝን ሰው በወሩ ጥዬ ከሾፌር ጋር ጠፋሁ። የዚህ የእጮኛሽ አያት ነው ሾፌሩ። አባቴ 'እንዲህ የምትባል ልጅ አልወለድኩም' አሉ። እንግዲያው እኔም አልተወለድኩም ብዬ ስሜንም፣ የአባቴንም ስም ለወጥኩ።"

"ይሄ የተቆረጠውስ?"

"ባልየው ነዋ። እሳት ውስጥ ጨመርኩት" አሉ፤ ትንሽ ፈገግ አሉ። "አባቴን ግን... እ... መቀሱ እምቢ አለኝ።"

ስልኬን አውጥቼ፣ ከሙሽሮቹ አንዷን ሰርዤ ፎቶዋን አነሣኋት። ከዚያ ለሰርጌ ከሰበሰብኳቸው ፎቶዎች ሁሉ መጀመሪያ ያለውን፣ የሳሎናችንን ፎቶ፣ ከእሳቸው ፎቶ አጠገብ አኖርኩት። በጣታቸው ሲነኩት ተንሸራተተና ሌላ ሙሽራ መጣች። መለስኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ የት ነው ያለው?"

"እኛ ቤት።"

"ታናሽ ወንድም ነበረኝ።"

"አያቴ ናቸው እማማ። አርፈዋል፤ ዘንድሮ አራት ዓመታቸው ነው።"

አለቀሱ። ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተመላለሱ ወንድማቸውን በስሙ ጠሩት። ከዚያ ራሴን ይዘው ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ጉንጬን ሳሙኝ። "የወንድሜ የልጅ ልጅ! ዘመድ አለኝ ለካ!" ይላሉ። እሳቸው ስድሳ ዓመት ያጡትን ዘመድ ያገኙት፣ እኔ ባሌን ባጣሁበት ደቂቃ ነው። በሆዴ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ከእኔ ተነስቶ እስከዚያ ካባ ሦስት ቤት፤ ከእጮኛዬም ሦስት ቤት። ሰባት የተባለው ሦስት ላይ አለቀ። ዱብ ዕዳ የሚባለው ይሄ ነው እንግዲህ።

እሳቸውም መሳማቸውን ድንገት አቆሙ። "ታዲያ ሰርጉስ?" አሉ።

ፎቶዋን ከእጄ ወስደው ዳዊቱ ውስጥ መለሷትና ዘጉት። "አንቺ አላየሽም፤ እኔም አላሳየሁም። ሆድ ይፍጀው። እስከ ዛሬ ዘመድ የለኝም ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም የለኝም። ተጋቡ ልጄ" አሉኝ።

አቀበቱን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በሦስቱም ቀን ሰው ሁሉ አናደደኝ። ቅድመ አያቴን ተናደድኩባቸው፤ አያቴን "የማንም አይደለች" ስላሉኝ ተናደድኩባቸው፤ ዲኮር ሠሪዋ ስትደውል ዘጋሁባት። ዝም ማለትን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። የሚያውቀው እኔና አንዲት አሮጊት ነን፤ እሳቸውም ፈቅደውልኛል። ልጁን እወደዋለሁ። ግን ሳሎን በገባሁ ቁጥር ያቺ እጅ እዚያው ናት። አንዱ መቀስ የቅድመ አያቴ ነበር፣ ሌላው የእማማ፤ ዝም ካልኩ ሦስተኛው የእኔ ሊሆን ነው። በሰርጌ ቀን እማማ በገዛ ዘመዶቻቸው መሃል ዘመድ እንደሌለው ሰው ሲቀመጡ ታየኝ።

በአራተኛው ቀን እጮኛዬ ከጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለች ካፌ ቀጠረኝ። ከማተሚያ ቤት የወጣውን የጥሪ ካርድ ይዞ መጥቷል። ክሬም ቀለም፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ የእሱና የእኔ ስም ብቻ ጎን ለጎን፤ እንዳልኩት ተሠርቷል። "እስቲ አሁን ደግሞ አልወደድኩትም በይ" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ እጄን ይዞ ነበር። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል። ስልኬ ላይ ሁለቱን ፎቶዎች ሲያይ መሳቁን ተወ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዘው፣ እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ለየትኛው ጥፋት እንደምጠይቅ ጠፋኝ።

ሰርጉ ቀረ። ከትንሣኤ በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እማማን በአንድ ወገን አባቴ፣ በሌላ ወገን እሱ ደግፈው አስገቧቸው። እሱ ወደ እኔ አላየም፤ እኔም ወደ እሱ አላየሁም። እማማ ፎቶው ስር ቆመው ቀና ብለው አዩት፤ ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባለፈው የተዘለለውን ለማስገባት ዘሩን እንደ አዲስ መቁጠር ጀመረ። ከቅድመ አያቴ ተነሣ። የእማማን የድሮ ስማቸውን ሲጠራ "አቤት" አሉ። ቀጥሎ ልጃቸውን ጠራ፤ የልጃቸውን ልጅም ጠራ። ተመልሶ በአያቴ በኩል ወረደ፤ አባቴን ጠራ፤ ከአባቴ በኋላ እኔን ጠራ። ዞሮ ዞሮ እታች ሲደርስ፣ ሁለቱ ቅርንጫፎች እንዲለዩ ብሎ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስሞች አከታትሎ ደገማቸው። መጀመሪያ የእሱን፣ ቀጥሎ የእኔን፤ ልክ በካርዱ ላይ እንደታተመው።