ነጩ ክር የበላው ስንዴ

ወፍጮ ቤት አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ «አይደክሜ» ይሏታል። አንዴ የያዘችውን አትለቅም። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ «እትዬ» ትላታለች። እትዬ ደግሞ ዳቦ ካልቀመሰች የበላች አይመስላትም።

ስኳር በሽታ ሲገኝባት ሐኪሟ ዳቦ እንድትቀንስና አሰር (ፋይበር) የበዛበት ምግብ እንድታዘወትር አዘዛት። እትዬ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ «ዳቦ ከተከለከልኩማ ምን ቀረኝ?» ብላ አንገቷን ደፋች። የአይደክሜ ሆድ ባባ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እንጉዳይ አምራች ወዳጇ፣ የእንጉዳይ ነጭ ክር በተቀቀለ እህል ላይ ሲዘራ ወደ ስኳር የሚለወጠውን ስታርች እየበላ እንደሚያድግ፣ የክሩም ገላ አሰር እንዳለው አጫወተቻት።

«ደርቆ ቢፈጭስ? ዳቦ ውስጥ ቢገባስ?»

«ይሆናል ይላሉ። እኔ ግን ሞክሬው አላውቅም።»

ለአይደክሜ ይህ በቂ ነበር። ከወፍጮ ቤት ስብርባሪ ስንዴ አምጥታ ቀቀለች፣ አጠፈፈች፤ በጠርሙስ ሞልታ በእንፋሎት ካበሰለችው በኋላ ወዳጇ የሰጠቻትን የእንጉዳይ ዘር ጨምራ ጓዳ ውስጥ ደረደረችው። ነጩ ክር ብቅ ሲል ክንፍ አወጣች። ብዙም ሳይቆይ ግን ጠርሙሶቹ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሱ። ደፍታ እንደገና ሠራች፤ እንደገና ሻገተ።

«ሻጋታ ልታበይኝ ነው እንዴ?» አለች እትዬ አፍንጫዋን ይዛ። «እኔ እንደሆንኩ ለመሞት አልቸኮልኩም!»

«ሳቂ ግድ የለም፣ እትዬ። ዳቦሽን ሳልመልስልሽ አርፌ አልቀመጥም።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምክንያቱን ፍለጋ ገባች። ድስቱን ቀየረች፣ ጓዳውን በበረኪና አጠበች፣ የእንፋሎቱን ጊዜ አረዘመች፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ሻሿን ስትፈታ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ዱቄት ቡን ሲል አየች። ክው አለች። ሻጋታውን ከወፍጮ ቤት በልብሷ ላይ ባለው ዱቄት ተሸክማ የምታመጣው ራሷ ኖራለች!

ከዚያ ወዲያ ገላዋን ሳትታጠብና ልብስ ሳትቀይር ጓዳው ደጃፍ አልደረሰችም። ጠርሙሶቹም እንደ ጥጥ ነጡ።

ክር የወረሰውን ስንዴ አብስላ፣ አድርቃ፣ ፈጭታ ጋገረችው። የመጀመሪያው ዳቦ ቢላ አላስገባ አለ።

«ይኼንን ለግንበኛ ስጪው፤» አለች እትዬ።

አይደክሜ ጥርሷን ነክሳ ከተራ ዱቄት ጋር የምትቀላቅለውን መጠን ቀነሰች፣ ውሃ ጨመረች፣ ሊጡን አሳረፈች። ዱቄቱን የመረመረችላት አንዲት የምግብ ባለሙያም አሰሩ መጨመሩን፣ ስታርቹ መቀነሱን ነገረቻት። ሐኪሙ ግን፣ «ቢሆንም ዳቦ ዳቦ ነው፤ በልክ!» ሲል አስጠነቀቀ።

እትዬ የተፈቀደላትን ቁራጭ ቀስ ብላ አላመጠች። አይደክሜ አፍ አፏን እያየች፣ «እንዴት ነው?» አለቻት።

«ዝም በይ፣ እየበላሁ ነው።»

አሁን አይደክሜና ወዳጇ አንድ አሮጌ መጋዘን አጽድተው ዱቄቱን በጋራ ይሠራሉ። በቅርቡ በበቆሎ ሞክረው ሙሉው ተበላሽቶባቸዋል። ወዳጇ እዬዬ ስትል አይደክሜ እጅጌዋን ሰብስባ ጠርሙስ ማጠብ ጀምራ ነበር።