የምትጭነውን ሰው ይዘህ ና

ያንን መካኒክ የጠላሁት ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ሥራ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ንቄ እተወው ነበር። ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ፣ ሞተሩ ባስነጠሰው ቁጥር እየገፋ የሚሄደው ወደ እሱ በር ነው። "እጁ በረካ አለው" ይሉታል። ይህንን ከሌላ ሰው ብሰማው ግድ አልነበረኝም። እኔ የሰማሁት ከሚስቴ እናት አፍ ነው፤ ያውም ቤታቸው ተጋብዤ ምሳ እየበላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሽማግሌ ከመላኬ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የዚህ ሰው ሽማግሌዎች የባለቤቴ አባት ቤት ተቀምጠው ነበር። አባትየው "ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ" ብለው መለሷቸው። በዓመቱ የኔዎቹ ሲመጡ ትምህርቷን ጨርሳ ስለነበር እሺ ተባልኩ። እንግዲህ ተመረጥኩ ወይስ ቀኑ ደረሰልኝ? ይህንን ስንት ጊዜ እንዳመነዠኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳት። "አግብቼህ የለም ወይ?" አለችኝ። ለጤነኛ ሰው በቂ መልስ ነበር።

እሱም አግብቷል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ይህንንም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

ቤታችን ሐይቅ ነው። እኔ ውጫሌ አስተምራለሁ፤ እሷ ደግሞ ውጫሌ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ጤና ኬላ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት በአንድ ሞተር እንወጣለን። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጠልቅና ከኋላዬ ተቀምጣ ሁለት እጇን በወገቤ ታዞራለች። የሐይቁ ጉም ሳይነሳ ስለምንወጣ ይበርዳታል፤ ዳገቱ ላይ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ታሳርፋለች። ከፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ ሁሉ እንዲያየን እፈልግ ነበር።

የሰውየው ጋራዥ ያለው ከከተማው መውጫ ላይ ነው። ሌላ መንገድ የለም፤ ቢኖር ኖሮ በአርዲቦ ሐይቅ ዞሬም ቢሆን እሄድ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት ባጃጆች መንገዱን ዘግተው ሲጨቃጨቁ ልክ እሱ በር ላይ ቆምን። ከሚፈታው ሞተር ቀና አለና፣ "እንዴት አደራችሁ? አባባ ደህና ናቸው?" አለ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው" አለችው፤ ሳቅም አለች።

ሳቋ አጭር ነበር። እኔ ግን ከከተማው እስክንወጣ ድረስ ስለካው ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሳልዞር፣ "እዚያ ልትውይ አምሮሽ ከሆነ ልመልስሽ" አልኳት።

ትንሽ ቆይታ ሁለቱንም እጆቿን ከወገቤ አነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ጫፍ ላይ እየተቀመጠች፣ ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረት ይዛ መሄድ ጀመረች። በእኔና በእሷ መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ተፈጠረ። ማን እንደተቀመጠበት ደግሞ አውቃለሁ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ክረምት ደረሰ።

የኋላ ጎማው ያኔ ተልጦ መላጣ ሆኖ ነበር። ወደ ጤና ኬላው የሚያስገባው የጭቃ መንገድ ስላሰጋኝ ከደሴ ሰፋ ያለ ጎማ ገዛሁ። ነጋዴው "ይሄ ጭቃ አይፈራም" አለኝ፤ እኔም ወደድኩት። ለብቻዬ ስሄድ ድምፅ የለውም። እሷ ስትቀመጥ ግን ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ከሥር ይፍቀዋል፤ ዥርርር ይልና የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ካቴናውም አንዴ ሲወጠር አንዴ ሲላላ ብረቱን ይመታዋል። "ከብደሽ ይሆን?" አልኳት። ለቀልድ ነበር። አልሳቀችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከሥራ መልስ ሞተሩን እየገፋሁ እዚያው በር ላይ ቆምኩ።

ቁጢጥ ብሎ ጎማውን አዞረው። ካቴናውን ከታች በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። "ለብቻህ ስትሆን ይነካል?" አለኝ።

"አይነካም።"

"ሰው ስትጭንስ?"

"ይነካል።"

"እንግዲያው የምትጭነውን ሰው ይዘህ ና። ካቴና ባዶውን ሲለካ ሌላ ነው፣ ሲጫንበት ሌላ ነው። ጎማውም እንደዚያው። ጭነቱን ሳላይ ብነካካው ዋሸሁህ ማለት ነው፣ ወላሂ።"

"የምትጭነውን ሰው" ነው ያለው። ስሟን አልጠራም፤ "ባለቤትህን" እንኳ አላለም። ይህ ራሱ ተንኮል መሰለኝ። ስሟን ቢጠራ ደግሞ ለምን ጠራ እል ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እሷ እዚያ ሞተር ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ከሥር ተጋድሞ ሲያያት በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ። እንዲያ ከሚሆን ጎማው ይንደድ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ኩንታል ማሽላ ወንበሩ መሀል ላይ በገመድ ጠፍሬ መጣሁ።

"ይሄ ነው?" አለኝ።

"ይሄ ነው።"

"ሰው ነው ያልከኝ መስሎኝ።"

"ገበያ ለገበያ ነው የምመላለሰው" አልኩት። የኬሻውን አፍ ትንሽ አየት አደረገና ነገሩን ተወው።

"አብሽር፣ በማሽላም ይለካል። ግን ማሽላ ካስቀመጥከው ቦታ አይነቃነቅም። ሰው ይነቃነቃል።"

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ትልቁን ቡሎን አላላው። ጎማውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ግራና ቀኝ ያሉትን ምልክቶች እኩል አደረጋቸው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን ለማየት ሦስት ጊዜ ዞረ። ካቴናው ሁለት ጣት ያህል እንዲረግብ ተወለትና አሰረው። አይቸኩልም፣ አያስገድድም፣ ብረቱን አይደበድብም። እኔ ጠመኔ የለመደ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ሳየው ቀናሁ። በሚስቴ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በእጁም ቀናሁበት።

ሰኞ ጠዋት እሷ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዥርርር አለ።

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። በረካ ያለው እጅ ተሳሳተ። እንዲያውም እሷንም ደስታዬንም ይዤ እናቷ ቤት ድረስ ሄድኩ። "ያ የምታሞግሱት ሰው የሠራውን ሥራ አያችሁ? ይኸው እንደ ድሮው ይፍቃል" አልኩ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ማንን ጭነህ አስለካኸው?"

"ማሽላ።"

እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀችም። የሚቀጥለውን ጥያቄ ብትጠይቀኝ ኖሮ እዚያው እናዘዝ ነበር፤ እሷ ግን ተነሥታ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

እሑድ ራሴ ልሠራው ተነሣሁ። ያየሁት ሥራ ነው፤ ቡሎን ማላላት፣ ጎማ ማንሸራተት፣ ማሰር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ካቴናው ሲጫንበት ይወጠራል የተባለውን አስታውሼ፣ እንግዲያው በጣም ይላላ አልኩና አረገብኩት። ምልክቱንም ካቴናው ባለበት በኩል ብቻ አየሁ። ዞሬ የማዶውን አላየሁም። ጎማው ተንጋዶ ታሰረ፤ እኔም እጄን ታጥቤ ገባሁ።

ማክሰኞ ጤና ኬላው ሕፃናት የሚመዘኑበት ቀን ነበር። ዳገቱ ወገብ ላይ ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ስሰጠው ካቴናው ከጥርሱ ወጥቶ ተቀረቀረ። የኋላ ጎማው በቆመበት ቀረ፤ ሞተሩ ተንሸራቶ ጠጠሩ ላይ ጣለን። እኔ ክርኔን ተላጥኩ። እሷ በቀኝ እጇ መሬቱን ስለደገፈችው መዳፏ ተገሸለጠ። ተነሥታ ጠጠሩን አራገፈችና የተንጋደደውን ጎማ አየችው።

"ማን ነው የነካካው?"

"እኔ።"

መዳፏን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ውጫሌ የሚያልፍ ሚኒባስ አስቆመች። "እናቶቹ ይጠብቁኛል" ብላ ሄደች። የተናገረችው ይኸው ነው።

ማታ እራት በልተን ስናበቃ፣ "ጤና ኬላው አጠገብ አንድ ክፍል ቤት አለ። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ እሆናለሁ። ቅዳሜና እሑድ እመጣለሁ" አለችኝ።

"በጎማ ምክንያት?"

"በጎማ ምክንያት" አለች፣ ዓይኔን እያየች።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። እሷ ቀድማኝ ስለምትወጣ ለብቻዬ በሚኒባስ ስመላለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። አንድ ክፍል ቤት ዛሬ በሳምንት አምስት ቀን ነው፤ ነገ ወር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሲጠይቁኝ የሥራ ቦታዋ ስለራቀ ነው እላለሁ፤ እነሱም ያመኑኝ ይመስላሉ። የሰውየው ስም የትም ውስጥ አይነሣም። የማጣት ከሆነ እሷን የሚወስዳት እሱ ሳይሆን የገዛ አፌ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አወጣሁና፣ "ነይ እንሂድ" አልኳት።

"የት?"

"ሰውየው ጋ። የምትጭነውን ሰው ይዘህ ና ብሎኝ ነበር።"

"መቼ?"

"ከማሽላው በፊት።"

ሻርፗን አነሣች። እኔ ሞተሩን እየገፋሁ፣ እሷ በእግሯ ሄድን።

"እንዴት አደራችሁ" አለን ሰውየው፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። መጀመሪያ የተንጋደደውን ጎማ ፈትቶ አስተካከለ። ማን እንዲህ እንዳሰረው አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። ከዚያ እኔን ሞተሩ ላይ አስቀመጠኝና፣ "እህቴ፣ በመንገድ እንደምትሄጂው ሆነሽ ተቀመጪ" አላት።

ተቀመጠች። እሱ ካርቶን አንጥፎ ከኋላ ተጋደመ። እኔ መስታወቱን ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ለመሰለል ነው። ዓይኑ ጎማው ላይ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያገኘሁት የእሷን እጅ ነው። በፋሻ የተጠቀለለው መዳፏ ከኋላዋ ያንን ብረት ጨምድዶ ይዟል። እያመማት ብረቱን ይዛለች። ወገቤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

"ጎማው ፓራፋንጎውን የበላው ጫፉ ጋ ነው" አለ ከሥር። "ጭነቱ መሀል አይደለም ያለው። ማሽላው መሀል ነበር።" ቀጥሎም፣ "እህቴ፣ ሁሌም እንዲህ ነው የምትቀመጪው?" አላት።

"አሁን አሁን" አለች።

ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሁሉን ያወቀ መሰለኝ። ወዲያው ወደ ጎማው ተመለሰ።

"እንግዲያው ወደ ፊት ጠጋ በይና እሱን ያዢው። ያለዚያ እኔ ቀኑን ሙሉ ቡሎን ባጠብቅ ዋጋ የለውም።"

አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ባጃጅ አለፈ። የጋራዡ ዚንጎ ላይ ካፊያ ጀመረ። ከዚያ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ እጆቿ ከግራና ከቀኝ መጥተው ሆዴ ላይ ተገናኙ። የፋሻው ሻካራነት በሸሚዜ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። በዚያች ደቂቃም ቀናሁ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ልናገረው ያልቻልኩትን እሱ ካርቶን ላይ ተጋድሞ ተናገረው፤ እሷም ሰማችው።

እሱ ሥራውን ቀጠለ። የኋላውን ሞላ አጠበቀው። ምልክቶቹን ከወዲህም ከወዲያም አየ። ካቴናውን በጣቱ ለካ። በመጨረሻ ወንበሩን በሁለት እጁ ጫን ጫን አድርጎ አዳመጠ። ጎማው ምንም አልነካም።

"ጨርሻለሁ" አለ ከመሬት እየተነሣ። "አሁን ልትለቂው ትችያለሽ።"

አልለቀቀችም። እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሌላው ሞተር ሄደ።

"ያን ቀን ያልኩሽ ነገር..." ብዬ ጀመርኩ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ።

"ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?" አለችኝ።