የአሥር ሰከንድ ሽምግልና

ታሪኩ ልብ የሚሰቅል፣ ግን መሃል ላይ ድርግም የሚል ጌም ሊመሰገን ይገባዋል ወይ ብትሉኝ፣ የማውቀው ሐያሲ አባቴ ብቻ ነው። በሕይወቱ ያየው አንድ ጌም ነው፤ አቋሙ ግን የጠራ ነው።

አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከሱቁ ይልቅ የሚታወቀው ግን በሽምግልናው ነው። የግማሽ ሐዋሳን ጠብ አስታርቋል። የእኔንና የታላቅ ወንድሜን ጠብ ነክቶት አያውቅም። ወንድሜ እናታችን ስትቀበር አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ መጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፣ ፊቱ ላይ የዘጋሁበትም እኔ። ከተዘጋጋን ሁለት ዓመት ሆነን። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮኝ ስለማያውቅ በልቡ እንደፈረደብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ታዲያ ከሱቁ መሰላል ወድቆ እግሩ በጄሶ ታሸገ። የሐይቅ ዳር የእግር ጉዞው ቀረና ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጭ ጀመር። እኔ የምሠራው ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒውተር ጥገና ክፍል ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አጠገቡ ተቀምጬ ላፕቶፔ ላይ የምወደውን ጌም እየተጫወትኩ እንግሊዝኛውን በአማርኛ እነግረው ነበር።

ታሪኩ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ጎርፍ መንደሩን ሲወስደው ወንድምየው ድራሹ ይጠፋል፤ ከዓመት በኋላ በዝናብ መጥቶ በር ያንኳኳል። እዚህ ላይ ተጫዋቹ ይመርጣል፦ መክፈት ወይም አለመክፈት። የሚሰጠው ጊዜ አሥር ሰከንድ ነው። እኔ ጌሙን ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልከፈትኩም።

«አሥር ሰከንድ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሽማግሌ አልተላከም?» አለ አባቴ።

«አልተላከም፣ አባዬ።»

«ልጁስ ምን ይላል?»

«የሚናገረው ከተከፈተለት ነው።»

«ሳይሰሙት ነው የሚፈርዱት?»

ይህን ሲል ላፕቶፑ ግሎ ድርግም አለ።

«ጎሽ!» አለ አባቴ። «ቀጠሮ ሰጡ።»

ማራገቢያው በአቧራ መታፈኑን ባስረዳውም አልሰማኝም። የተጠበሰ ዓሣ ይዞ ሊጠይቀው ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ፈረንጆች ነገር እስኪበርድ ራሱን የሚዘጋ ጨዋታ እንደሠሩ ያወራለት ነበር። ላፕቶፑ በማግስቱም እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። አባቴ በየቀኑ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። መንገዱ ክፍት ነበር ወይ? መልእክት ልኮ እንደሆነስ? አፉን ለማስያዝ ብዬ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ፈተሽኩ፤ ሦስት ጊዜ ሳልከፍተው ያለፍኩት መሳቢያ ውስጥ የወንድምየው ደብዳቤ ተገኘ። ለካ ዓመት ሙሉ የቀረው ድልድዩ ፈርሶበት ነው።

ሙያዬ ነውና ቅዳሜ ዕለት ማራገቢያውን ፈትቼ አጸዳሁት። እሑድ ላፕቶፑ አልጠፋም። አባቴ «ደብዳቤውን ማን ደበቀው?» እያለ፣ እኔም የእሱን ፍርድ እየጠበቅኩ፣ አሥሩ ሰከንድ አለቀ። በሩ እንደተዘጋ ቀረ፤ ወንድምየው በዝናቡ ተመልሶ ሄደ።

«እኛ መቼ ፈረድን?» አለ አባቴ።

«ዝም ካልን አንከፍትም እንዳልን ይቆጠራል።»

«መልሺዋ!»

«አይመለስም፤ መዝግቦታል።»

«ይግባኝም የለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ምኑ ይመሰገናል? ሲበላሽ ነበር ደህና የነበረው።»

ላፕቶፑን ከደንኩት። አባቴ ዓይኑን ወደ ታሸገው እግሩ መለሰ።

«ያን ቀን ልጄ በር ላይ ሲቆም መኝታ ቤት ነበርኩ» አለ። «ድምፁን ሰምቻለሁ። አልተነሣሁም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ሲከስ ነበር የመሰለኝ። አሳዘነኝ፤ አፈርኩም። የእሱን ስልክ አንሥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አቤት፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ዝም አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

«ተናገሩ እንጂ!» አለ አባቴ፣ ከሶፋው ለመነሣት እየታገለ።