ለእትዬ ዘነበች የመረጥኩት ጋዝ

ባለፈው ሳምንት ሊልበርን ከተማ ቤት የገዛው ልጄ ደወለልኝና፣ «እማ፣ ለጋዙ ዋጋው ፊክስድ የሆነው ይሻላል በየወሩ የሚለዋወጠው ቫሪየብል?» አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ይኸው ጥያቄ መጀመሪያ ሲመጣብኝ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታከር ከተማ ከወላጆቼ ጋር በስደት እየኖርኩ ኮሌጅ እማር ነበር። ቀደም ሲል የቤት ማሞቂያውን ጋዝ የሚሸጥልን አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። ሕጉ ሲቀየር ሻጮቹ በዙና ሁሉም ሰው የራሱን እንዲመርጥ ደብዳቤ ደረሰው። አባቴ ግራ ገባው። «ቧንቧው ያው፣ ጋዙ ያው! የምንመርጠው ምኑን ነው?» ይል ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ደብዳቤያቸውን ወደ እኔ ያመጡ ጀመር። እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? በዚህ አገር የበጋ ወር፣ በሰኔ ሙቀት፣ ሐብሐብ እየተበላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለስድስት ቤተሰብ ፎርም ሞላሁ። ለሁሉም ዋጋው በየወሩ የሚለዋወጠውን መረጥኩ፤ ያን ጊዜ እጅግ ርካሽ ነበራ። በሰኔ ቤቱን የሚያሞቅ ሰው ስለሌለ ዋጋው እንደወረደ ልብ አላልኩም። ለእኛ ቤት ግን አባቴ ምክሬን አልቀበልም ብሎ የማይለዋወጠውን ወሰደ።

ከስድስቱ አንዷ እትዬ ዘነበች ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የሰው ልጆች በክፍያ እየጠበቁ ነበር የሚኖሩት። «አንቺ ካልሽ ልጄ» ብለው ሳያነቡ ፈረሙ።

ክረምቱ ሲገባ ብርዱና የጋዝ ዋጋው ተያይዘው መጡ። እኛ ቤት በአባቴ እልከኝነት ምክንያት ምንም አልተሰማም። በጥር አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ለእትዬ ዘነበች ዳቦ አስይዛ ላከችኝ። በሩ ሲከፈት ሦስት ሕፃናት ጃኬትና ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ምንጣፉ ላይ ሥዕል ይቀባሉ። ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ውሃ ይፈላል፤ መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኗል።

«እትዬ፣ ማሞቂያው ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። ትንሽ ቀነስ አድርጌው ነው።»

«ሁልጊዜ ኦፍ ነው» አለች ትንሿ ልጅ፣ ከሥዕሏ ቀና ሳትል።

የጋዙን ቢል እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ከፍተኛውን ድምር ሁለቴ አነበብኩት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ለእኔ ደክመሽ? እንዴት ብዬ ላሳፍርሽ?» አሉ። ቆይተው ግን ድምፃቸው ተሰበረ። «የአንዷ እናት እስከ ዓርብ ቤቱ ካልሞቀ ልጄን እወስዳለሁ ብላለች። እሷ ከወሰደች ሌሎቹም ይከተላሉ።»

ውሉን አገላበጥኩት። በሰኔ ጀርባውን አላነበብኩትም ነበር፤ አሁንም የደቀቀው ጽሑፍ ውሉን ስለ ማቋረጫ መቀጫ የሚለው አልገባኝም። ዋጋው የማይለዋወጥ ሌላ ኩባንያ ጋ ደወልኩ። የስልኩ ማስጠበቂያ ሙዚቃ አልቆ እንደገና ሲጀምር፣ ሲያልቅ፣ እትዬ ዘነበች አጠገቤ ቆመው በከንፈራቸው ይጸልያሉ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች። በዓመት አንዴ ያለ ምንም ክፍያ መቀየር እንደሚቻል፣ ቆጣሪው ሐሙስ ሲነበብ አዲሱ ዋጋ እንደሚጀምር ነገረችኝ። እንደ ሰኔው ርካሽ ባይሆንም ከሚከፍሉት በእጅጉ ያንሳል።

«ነፃ ነው እትዬ! ማሞቂያውን አሁኑኑ ይክፈቱት፣ እስከ ሐሙስ ያለው ክፍያ በእኔ ነው» አልኩ።

ማሞቂያው ምድር ቤት አጓርቶ ተነሳ፤ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሕፃናቱ ወለሉ ላይ ወዳለው የሞቀ አየር መውጫ ሮጠው ከበቡት፤ ኮፍያቸውን አንድ በአንድ ወረወሩ። እትዬ ዘነበች «ተመስገን!» ብለው አቀፉኝ። ከደረቴ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ውላቸውን ለማስቀየር የቀሩትን አምስት ቤቶች ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ በር ላይ አቁመው ክፉኛ ተቆጡኝ፤ ቁጣቸው ደስ አለኝ። ዝም ብለው ቢበርዳቸው ኖሮ በምን አውቅ ነበር?

ለልጄ ይህን ሁሉ አላወራሁትም። ፊክስዱን እንዲይዝ፣ ጀርባውንም እንዲያነብ መከርኩት። እሱ «ኦኬ እማ፣ አንቺ ካልሽ» ሲለኝ ግን ደነገጥኩ። የሚያምነን ሰው ስናሳስተው አይነግረንም፤ ሄዶ መጠየቅ የመካሪው ፋንታ ነው።

«ብርድ ሲገባ እመጣለሁ» አልኩት፤ «ሳልደውል።»